ስምንት ደቂቃ ብቻ የተረፈው ቪዲዮ

ካሜራ ባለበት ቦታ የወደቀ ሰው ቶሎ ይጽናናል። «ካሜራው አይቶታል፣ የት ይደርሳሉ» ይላል። ዳላስም ሂዩስተንም ካለ ሐበሻ አፍ ይህን ሰምታችሁ ይሆናል። እስቲ ቴክሳስ ውስጥ አንድ የሱፐርማርኬት ደንበኛ የገጠመውን ላጫውታችሁ። ሲወድቅ ካሜራ ቀርጾታል። የወደቀበት ቪዲዮም አልጠፋም፤ ፍርድ ቤት ቀርቧል። የጠፋው ከመውደቁ በፊትና በኋላ የነበረው ነው። በዚያ የተነሳ ጉዳዩ አሥር ዓመት ፈጀ፤ የተፈረደለት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳም ተሻረ።

የሰውየውን ስም አላነሳም፤ ለነገሩ አያስፈልግም። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሴፕቴምበር 2፣ 2004 ነው። ቦታው ብሩክሻየር ብራዘርስ የሚባለው የምሥራቅ ቴክሳስ የግሮሰሪ ድርጅት ሱፐርማርኬት ነው። ደንበኛው ገብቶ ሲሄድ፣ ዕቃ ከተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ አዳለጠውና ወደቀ። እዚያው ሳለ «ተጎዳሁ» ብሎ ለማንም አልተናገረም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆይቶ ግን ሕመሙ ጠናበትና ኢመርጀንሲ ሄደ።

በዚህ ላይ ልፈርድበት አልፈልግም። ሰው ፊት መውደቅ ያሳፍራል። እኛማ ገና ከመሬት ሳንነሳ «ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ» እንላለን። የሚያነሳን ሰው እንዳይጨነቅ ስንል ልብሳችንን አራግፈን ፈገግ እንላለን። ሰውነት ትኩስ እያለ ደግሞ ሕመሙ አይሰማም፤ የሚመጣው ማታ ነው፣ ወይም በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ስንሞክር።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 7፣ ወደ መደብሩ ተመልሶ መጎዳቱን አመለከተ። ሥራ አስኪያጁ የአደጋ ሪፖርት ጻፈ። ሪፖርቱን የሞላው ከሰውየውና በዕለቱ ተረኛ ከነበረው ረዳት ሥራ አስኪያጅ በሰማው ላይ ተመሥርቶ ነው። በሪፖርቱ መሠረት ሰውየውን ያዳለጠው ከምግብ መያዣ የፈሰሰ ቅባት ነው። አካባቢው ተዘጋጅቶ የታሸገ ምግብ የሚነሳበት ነው፤ ዶሮ የሚጠበስበትና የሚታሸግበት ክፍል ጎኑ ነው። እንግዲህ ቅባቱ መሬት ላይ እንደነበር ራሱ የድርጅቱ ወረቀት ይናገራል። መውደቁን ደግሞ ካሜራው ይናገራል። ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለው ሰዓቱ ነው።

ቅባቱ መቼ ፈሰሰ?

ብዙ ሰው «መደብራቸው ውስጥ ወደቅሁ፣ ወለሉ ላይ ቅባት ነበር፣ ስለዚህ ይክፈሉኝ» ብሎ ያስባል። የቴክሳስ ሕግ እንዲያ አይልም። ባለመደብሩ ቅባቱ እንዳለ ያውቅ ነበር፣ ወይም ማወቅ ነበረበት ብሎ ማስረዳት የከሳሹ ሸክም ነው። ለዚህ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ቅባቱን ያፈሰሰው ሠራተኛ መሆኑን ማሳየት ነው። ሁለተኛው ሠራተኛ አይቶት ዝም ማለቱን ማሳየት ነው። ሁለቱም ካልተቻለ፣ አይቶ ለማጽዳት በቂ ጊዜ እስኪኖር ድረስ ቅባቱ እዚያ ቆይቷል ብሎ ማስረዳት ግድ ነው። አብዛኛው ጉዳይ የሚንጠለጠለው በዚች በሦስተኛዋ ላይ ነው።

ፍርድ ቤቱ በዚች ነጥብ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ለማወቅ የ1998ቱን የማካሮኒ ጉዳይ ማየት ይበቃል። አንዲት እናት ዋልማርት ውስጥ መሬት ላይ በወደቀ የማካሮኒ ሰላጣ አዳልጧቸው ወደቁ። ማካሮኒው ላይ ቆሻሻ ነበረበት፤ የእግርና የጋሪ ዱካም አልፎበታል። ልጃቸው «ቆየት ያለ ይመስል ነበር» ብላ መሰከረች። እሳቸው ራሳቸው ግን ማካሮኒው ገና ትኩስና እርጥብ እንደነበር ተናግረዋል። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ አይበቃም አለ። ዱካውና ቆሻሻው ሰው በብዛት በሚመላለስበት መደብር በደቂቃዎች ውስጥም ሊመጣ ይችላል፤ «ቆየት ያለ ይመስላል» ደግሞ ግምት ነው። በ2002 በተወሰነ ሌላ የዋልማርት ጉዳይም፣ አንድ ሠራተኛ ፈሳሹ ባለበት አጠገብ አልፎ መሄዱ ብቻውን በቂ አይደለም ተብሏል፤ ፈሳሹ ለስንት ጊዜ እዚያ እንደነበር መታወቅ አለበት።

እንግዲህ ማካሮኒውን ያየ ሰው ምስክርነት እንኳ ካልበቃ፣ ጊዜውን ሊናገር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጣራው ላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ የሚቀርጸው ካሜራ።

ካሜራው የሚረሳው በ30 ቀን ነው

የብሩክሻየሩ ካሜራ ገንዘብ መክፈያው አካባቢ የተሰቀለ ነበር። ቀረጻው በዙር ይሄዳል፤ 30 ቀን ገደማ ሲሞላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይቀረጻል። ማንም «አጥፋ» ብሎ ቁልፍ መጫን የለበትም። ዝም ካሉት ራሱ ያጠፋዋል።

ሰውየው ጉዳቱን ካመለከተ በኋላ፣ ከቀረጻው የቱ ይቀመጥ የሚለውን የወሰነው የድርጅቱ የሠራተኛና የአደጋ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ነው። ስምንት ደቂቃ ያህል እንዲቀመጥ አዘዘ። ሰውየው መደብሩ ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ከወደቀ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ያበቃል። የቀረው እንዲሁ ተተወ። ኋላ ሲጠየቅ፣ ሌላው ክፍል ለጉዳዩ ያስፈልጋል ብሎ አለማመኑን ነው የተናገረው።

በዚያች ስምንት ደቂቃ ውስጥ የሰውየው መውደቅ ይታያል። ወለሉ ግን በደንብ አይታይም። ዕቃ የተደረደረበት ጠረጴዛ ጨርቁ እስከ መሬት ወርዶ ቦታውን ጋርዶታል። ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል። ቅባቱ ራሱ ባይታይም እንኳ ከዚያ በፊት በነበረው ሰዓት በዚያ ማን አለፈ፣ ማን ዕቃ ተሸክሞ ቆመ፣ ሌላ ሰው አንሸራቶት ሚዛኑን ስቶ ነበር ወይ፣ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ አይቶ ሄዶ ይሆን፣ ይህ ሁሉ ይታይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ጽዳቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀና ስንት ሰው እንደተሰማራ ያሳያል። ትንሽ ጠብታ በአንድ ወረቀት ይጠረጋል፤ ሰፊ ቅባት ግን ሰው ያሰለፋል። ሰፊ ከሆነ ደግሞ ሠራተኞቹ ሳያዩት መቅረታቸው ያጠያይቃል።

አሁን በጉዳዩ ውስጥ ከሁሉ በላይ ከባድ ወደሆነችው ነገር እንምጣ። ሰውየው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ካሜራ መቅረጹን እንደሰማ፣ በዚያው በሴፕቴምበር፣ የቪዲዮውን ቅጂ ስጡኝ ብሎ ጠይቋል። ያኔ 30 ቀኑ አልሞላም ነበር። ሙሉው ቀን ገና ማሽኑ ውስጥ ነበር። ድርጅቱ ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ነው፣ ልንሰጥህ አንችልም ብሎ መለሰለት። ልብ በሉ፤ የጠየቀው የወደቀበትን ቪዲዮ ነው። የሚያስፈልገው ግን ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው ነበር። የጠየቀው ነገር ተቀምጧል፤ ያልጠየቀው በኦክቶበር መጀመሪያ ገደማ በላዩ ሌላ ተቀረጸበት።

እኔ ጥፋቱን በእሱ ላይ አላደርግም። ጠበቃ ያልያዘና ሕመም ላይ ያለ ተራ ሰው፣ ጉዳዩን የሚሸነፈው ወይም የሚያሸንፈው በቅባቱ ዕድሜ እንደሆነ ከየት ያውቃል? ድርጅቱ ግን ይህን ሕግ ያውቃል። ሥራው ነው።

ድርጅቱ መጀመሪያ ላይ የሕክምና ወጪውን ይከፍል ነበር። ይህም ሰውን ያዘናጋል፤ እየከፈሉልኝ ነው፣ ምን ልካሰስ ያሰኛል። ጁን 2005 ላይ ክፍያው ቆመ። ያው ምክትል ፕሬዚዳንት ቪዲዮውን እንዳየና ድርጅቱ ኃላፊነት እንደማይወስድ ጻፈ። ኦገስት 2005 ላይ የሰውየው ጠበቃ ደብዳቤ ላከ። ተጨማሪ የሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቀረጻ ይሰጠን አለ። ይኸው ነበር ትክክለኛው ጥያቄ፤ ግን ከወደቀበት ቀን አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም። የተባለው ሰዓት ድሮ ጠፍቷል።

በቴክሳስ የአካል ጉዳት ክስ ለማቅረብ ሁለት ዓመት ይፈቀዳል። ሰው ይህን ሲሰማ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ሕጉ ሁለት ዓመት ቢጠብቅም ካሜራው አንድ ወር ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ ከዚያም ያነሰ የሚጠብቅ ሞልቷል።

ፍርድ ቤት ሲደርስ

ክሱ ተሰማ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ዳኛ ስለጠፋው ቪዲዮ ክርክርና ምስክር በጁሪው፣ ማለትም ጉዳዩን ሰምተው በሚፈርዱት ተራ ዜጎች፣ ፊት እንዲቀርብ ፈቀደ። ለጁሪውም መመሪያ ሰጠ። ድርጅቱ ቀረጻው ለጉዳዩ እንደሚጠቅም ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት፣ ያላስቀመጠበትንም ምክንያት አጥጋቢ አድርጎ ካላስረዳ፣ የጠፋው ክፍል ድርጅቱን የሚጎዳ ነበር ብላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ አለ። ጁሪው ለሰውየው 1,063,664.99 ዶላር ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም አጸናው።

የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ጁላይ 3፣ 2014 ውሳኔውን ሻረው። ስድስት ለሦስት ነበር። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ዴብራ ሌርማን ናቸው። ማስረጃ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም፣ ቅጣቱስ ምን ይሁን የሚለውን የሚወስነው ዳኛው ነው፣ ጁሪው አይደለም አሉ። አለዚያ ጁሪው ዋናውን ጉዳይ ትቶ «ቪዲዮውን ለምን አጠፋችሁ» በሚለው ይጠመዳል። ከዚያም ሁለተኛውን፣ ከበድ ያለውን ነገር አስቀመጡ። «የጠፋው ነገር ይጎዳው ነበር» የሚል መመሪያ ለጁሪ የሚሰጠው፣ አንድ ወገን ማስረጃውን ለመደበቅ ሆን ብሎ ካጠፋው ነው። በቸልተኝነት ከጠፋ ግን መመሪያው የሚሰጠው፣ ተጎጂው ክሱን ወይም መከላከያውን በቁም ነገር ለማቅረብ የሚችልበትን መንገድ ሙሉ በሙሉ ሲያጣ ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ድርጅቱ ለመደበቅ ሲል አጠፋ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም ተባለ። ሰውየው ስምንቱ ደቂቃና ሌላ ማስረጃ ስላለው፣ ሁሉን አጥቷል አይባልም ተባለ። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተመለሰ።

ዳኛ ኢቫ ጉዝማን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተቃወሙ። ውሳኔው ጉዳዩን በቅርብ ያዩትን የሥር ዳኞች እጅ ያስራል የሚል ነው ቅሬታቸው። በኔ እምነት እውነቱ ወደ እሳቸው ያደላል። ካሜራው የአንዱ ወገን ነው፤ የቱ ይቀመጥ የሚለውን የሚመርጠውም ያው ወገን ነው። ያ ወገን የፈለገውን ስምንት ደቂቃ መርጦ ሌላውን ሲተወው፣ ሌላኛው ደግሞ «ሆን ብለህ ነው» ብሎ የሰው ልብ ውስጥ ያለን ሐሳብ እንዲያስረዳ መጠየቅ ከባድ ነው።

ይሁንና ብዙኃኑም አንድ በር ክፍት ትተዋል፤ ለእኛ የምትጠቅመው እሷ ናት። ሆን ብሎ ማጥፋት ማለት በእጅ መሰረዝ ብቻ አይደለም ብለዋል። ማስረጃው እንደሚያስፈልግ እያወቀ፣ በራሱ ጊዜ እንዲጠፋ ዓይኑን ጨፍኖ የተወውንም ይጨምራል። እንግዲህ አስቡት። ሰውየው በሴፕቴምበር ሁለት ሰዓት ተኩሉን ለይቶ በጽሑፍ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ኦክቶበር ላይ ሲጠፋ «አላሰብነውም» የሚባል መልስ አይሠራም ነበር። ወይ ቪዲዮው ይኖር ነበር፣ ወይ መጥፋቱ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ይሆን ነበር። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም በኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ላይ እንዲህ ያለውን መመሪያ የሚሰጡት ሆን ተብሎ መጥፋቱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ የደብዳቤው ዋጋ ከድሮው ጨምሯል።

የማሳወቅን ነገር በሌላ መልኩ ያሳየ ጉዳይም አለ፤ የ2003 ውሳኔ ነው። ዋልማርት ውስጥ ለገና ጌጥ የተሠራ አጋዘን ከመደርደሪያ ወርዶ ደንበኛ ላይ ወደቀ። ደንበኛው በወቅቱ የሚከስ የሚያስመስል ነገር አላሳየም። መደብሩ አጋዘኖቹን አላስቀመጣቸውም። ኋላ ክስ ሲመጣ አንዱ ወገን አጋዘኑ ከወረቀት የተሠራ ቀላል ነገር ነው አለ፣ ሌላኛው ከባድ እንጨት ነው አለ። የሚመዘን አጋዘን የለም። ፍርድ ቤቱ መደብሩ ክስ እንደሚመጣ የሚያውቅበት ምክንያት ስላልነበረው የማስቀመጥ ግዴታ አልነበረበትም ብሎ ወሰነ። የእኛ «ደህና ነኝ፣ ምንም አይደል» የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። የተጎዳ ሰው «ገና አላውቅም፣ ሐኪም ልይ» ቢል ጨዋነቱን አያጎድልበትም።

ደብዳቤው ምን ይበል?

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይሁን፣ አጭር ይሁን፣ ቀን ይኑረው። መቼና የት እንደወደቃችሁ ይግለጽ። ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ፤ በሐበሻ አቆጣጠር የለመደ ሰው ደንግጦ ሲናገር ስድስት ሰዓት ያዛባል፤ የተሳሳተ ሰዓት ከሰጣችሁ የሚቀመጠውም የተሳሳተ ቪዲዮ ነው። ደረሰኝ ካላችሁ ሰዓቱ እዚያ ላይ ታትሟል። ከዚያ ክስ ሊመጣ እንደሚችል በግልጽ ጻፉ። የሁሉም ካሜራ ቀረጻ፣ ከመውደቃችሁ በፊት ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሰዓት፣ ከወደቃችሁ በኋላም ጽዳቱ እስኪያልቅ ድረስ ያለው፣ ሳይቆረጥ እንዲቀመጥ ጠይቁ። «ይሰጠኝ» ብቻ አትበሉ፤ «እንዳይጠፋ» በሉ። አንሰጥም ቢሉ መብታቸው ሊሆን ይችላል፤ ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የዕለቱ የጽዳት መዝገብ፣ የተረኞች ዝርዝር፣ የአደጋው ሪፖርትና የተነሳ ፎቶም ይጠቀስ።

ለተቀባዩ መድረሱን ፊርማ በሚያረጋግጥ ፖስታ፣ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ለመደብሩም ለዋናው መሥሪያ ቤትም ላኩት፤ የፖስታ ቤቱን ወረቀት አትጣሉ። ጠበቃ የምትይዙ ከሆነ እሱ ይጻፈው፤ ግን ጠበቃ ፍለጋ ወር እንዳይወስድባችሁ። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ብዙ ጠበቆች ቅድሚያ ሳይቀበሉ፣ ካሳ ሲገኝ ከላዩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

በራሳችሁ እጅ ያለውንም ጠብቁ። ቅባት የነካውን ሱሪ አታጥቡት። ጫማውን በወረቀት ከረጢት አስቀምጡት፣ መልሳችሁ አታድርጉት። ባለመደብሩ መጀመሪያ የሚያነሳው «ጫማው ያዳልጣል» የሚለውን ነው፤ በቴክሳስ ደግሞ ከግማሽ በላይ ጥፋቱ የራሳችሁ ነው ከተባለ ምንም አታገኙም። በስልክ ፎቶ ስታነሡ የፈሰሰውን ነገር ብቻ በቅርብ አታንሡ። ራቅ ብላችሁ ማስጠንቀቂያ ምልክት አለመኖሩን፣ በአቅራቢያው ሠራተኛ የሚቆምበት ቦታ መኖሩን፣ ካሜራውም የት እንደተሰቀለ አንሡ። ቅባቱ ጠርዙ ደርቆ ከሆነ፣ የእግር ዱካ አልፎበት ከሆነ፣ ያም ይታይ። እናንተም መረጃ የማጥፋት መብት የላችሁም፤ ከስልካችሁ የሰረዛችሁት ፎቶ ኋላ መጠየቂያ ይሆናል።

የራሳቸው ሱቅ፣ ነዳጅ ማደያ ወይም ምግብ ቤት ላላቸው ወገኖቻችንም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ናችሁና። ይህ ጉዳይ ለባለመደብሩም ቀላል አልነበረም። ሦስት ፍርድ ቤትና አሥር ዓመት ፈጅቶበታል፤ መጨረሻውም «እንደገና ይታይ» ነው። ሙሉው ቀረጻ ቢኖር ምናልባት ቅባቱ ሰውየው ከመድረሱ አንድ ደቂቃ በፊት መፍሰሱን ያሳይ ነበር፤ ያኔ ድርጅቱ ገና ከጅምሩ ያሸንፍ ነበር። ደንበኛ ከወደቀ የዕለቱን ቀረጻ ሁሉ ከማሽኑ አውጡ። የቱ ይጠቅማል፣ የቱ አይጠቅምም ብላችሁ አትምረጡ። የካሜራ ማሽን ሰዓት ብዙ ጊዜ ስለሚዛባ ከስልካችሁ ጋር አስተያዩና ልዩነቱን ጻፉት። በሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጡት፤ አንዱን ለኢንሹራንሳችሁ ላኩ፣ አንዱን እናንተ ያዙ። ፋይሉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱንም በዚያው ቀን አረጋግጡ፤ አንዳንዱ ማሽን የሚያወጣው ፋይል ያለራሱ ፕሮግራም አይከፈትም፣ ይህ የሚታወቀውም ዋናው ከጠፋ በኋላ ነው።